ጎስትበስተርስ፦ ዕድል ነው ወይስ ሙያ? ስለ አንድ ረጅም ክር

ስለ ቆዩ ፊልሞች በምንወያይበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር ተከፍቶ ከሃያ በላይ መልስ አግኝቷል። የሚያወራው ስለ ጎስትበስተርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁን 1984 አሜሪካ ውስጥ ስለወጣው፣ መንፈስ በክፍያ የሚይዙ ሰዎችን ስለሚያሳየው የመጀመሪያው ኮሜዲ ፊልም። ክሩ ውስጥ ብዙ ፍሬ ነገር አለ። ርዝመቱን አይተው ላለፉት ሰዎች እንዳይቀርባቸው እዚህ ላውጋው። መሀል መሀሉ ላይ የራሴንም ሐሳብ እጨምራለሁ፤ ይህን ፊልም ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ክሩን የከፈተው ሰው ያነሳው ሐሳብ ቀላል ነው። ፊልሙ ያማረው በዕድል ነው ይላል። ዋና ተዋናይ ይሆናል የተባለው ኮሜዲያን ጆን ቤሉሺ ስክሪፕቱ ሳያልቅ ሞተ። ሌላው ኮሜዲያን ጆን ካንዲ የታሰበለትን ገጸ ባሕርይ ሳይጫወት ቀረ። የፊልሙ ስም ራሱ የሌላ ሰው ንብረት ነበር። የተሰጠው ጊዜም አንድ ዓመት ከምናምን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ችግር ተሸክሞ የተሠራ ፊልም መውደቅ ሲገባው፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ይህ ዕድል ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች ሰላማዊ ነበሩ። መልስ 1 ጠያቂውን አመስግኖ ስለ ቤሉሺ ትንሽ ጨመረ። ቤሉሺ የሞተው እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1982 ነው። የፊልሙን ሐሳብ ያመጣውና የተወነበት ዳን አይክሮይድ ደግሞ የሞቱ ዜና በስልክ ሲነገረው ለዚያው ለጓደኛው የሚሆን የስክሪፕት ንግግር እየጻፈ ነበር። መልስ 2 ፊልሙን በካሴት ዘመን ከሰፈር ቪዲዮ ቤት ተከራይቶ ከታላቅ ወንድሙ ጋር እንዳየው አስታወሰ። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም በአረንጓዴው መንፈስ ሆዳቸው እስኪቆስል መሳቃቸውን ጻፈ። ስለ ጥያቄው ግን አንድም ነገር አላለም።

ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው በመልስ 3 ነው። የጻፈችው እህት የስክሪፕት ሰው ትመስላለች። የአይክሮይድ የመጀመሪያ ጽሑፍ አሁን ከምናውቀው ፊልም ጋር ብዙም እንደማይገናኝ አስረዳች። ታሪኩ የሚካሄደው ወደፊት በሚመጣ ዘመን ነበር። መንፈስ እያሳደዱ የሚይዙ ብዙ ቡድኖች ነበሩበት። በጊዜና በሌሎች ዓለማት መካከል ይመላለሳሉ። ያ ማርሽሜሎው ከሚባለው ለስላሳ ነጭ ጣፋጭ የተሠራ ግዙፍ ሰውዬ እንኳ የታሪኩ ማብቂያ ሳይሆን፣ ገና መጀመሪያው ላይ ብቅ ከሚሉት ብዙ ጭራቆች አንዱ ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ አይቫን ራይትማን ጽሑፉን አንብቦ አይክሮይድን ምሳ ጋበዘው። እንዲህ ያለው ታሪክ በምንም ገንዘብ እንደማይቀረጽ ነገረው። ከዚያ ሌላ መንገድ አሳየው። ታሪኩ በዛሬዋ ኒው ዮርክ ይሁን። ሰዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ይባረሩ። ገንዘብ ይበደሩ፣ ቤት ይከራዩ፣ ጸሐፊ ይቅጠሩ፣ ማስታወቂያ ያስነግሩ። ሥራቸውም አይጥና በረሮ እንደሚያጠፉ ሰዎች ሥራ ተራ ይሁን።

እኔ የዚህ ፊልም ነፍስ ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ፊልሙን ያየ ሰው ልብ ይበል። ወንዶቹ መንፈሱን ከያዙ በኋላ መጀመሪያ የሚያነሱት የክፍያ ነገር ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በዋጋው ይከራከራል። ያ ትዕይንት የሚያስቀው መንፈሱ ስላስፈራን አይደለም። ደረሰኝና ሒሳብ ያለበት ዓለም ውስጥ መንፈስ ስለገባ ነው።

መልስ 4 ይህንኑ አጠናከረ። ጸሐፊና ተዋናይ የሆነው ሃሮልድ ራሚስ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሦስቱም በ1983 የአሜሪካ በጋ ማርታስ ቪንያርድ በምትባለው ደሴት፣ በአይክሮይድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ስክሪፕቱን እንደገና ጻፉት። አይክሮይድ የመንፈሱንና የመሣሪያውን ወሬ ያመጣል፤ ራሚስ ሰው የሚሰማው ቋንቋ ይሰጠዋል፤ ራይትማን ደግሞ የማይታመን ነገር ሲበዛ ያቆማቸዋል። ራሚስ ከመንፈስ ያዦቹ አንዱን፣ ኢጎንን፣ ልጫወት ያለውም ገጸ ባሕርይውን ሲጽፍ ከማንም በላይ ስለገባው ነው።

መልስ 5 ሲመጣ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ስለ ስክሪፕት የሚወራው ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ ተነሳ። ፊልሙ ከዋና ተዋናዮቹ አንዱ የሆነው የቢል መሬይ ነው፤ ሌሎቹ አጃቢ ናቸው አለ። መሬይ እዚያው ቆሞ ከራሱ እየፈጠረ የተናገረውን ከፊልሙ ብታወጡ ምንም አይቀርም በማለት አፉን ሞልቶ ተናገረ። መልስ 6 ደግሞ ቆጣ ብላ መለሰችለት። መሬይ መፍጠሩን ማንም አልካደም። ግን ሰው ከምንም ተነስቶ አይፈጥርም፤ የሚቆምበት መሠረት ያስፈልገዋል። ለዚህም ምስክር አድርጋ ያቀረበችው መሬይን ሳይሆን ሌላውን ተዋናይ ሪክ ሞራኒስን ነው።

የእሷ ምሳሌ ውሃ የሚያነሳ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሉዊስ የሚባለው የዋናዋ ሴት ገጸ ባሕርይ ጎረቤት መጀመሪያ የታሰበው ለጆን ካንዲ ነበር። ካንዲ በጀርመንኛ ቅላጼ የሚናገር፣ ትልልቅ ውሾች የሚያሳድግ ሰው ላድርገው አለ። ራይትማን አልተስማማም፤ ፊልሙ ውስጥ የሚያስፈሩ ውሾች አስቀድመው አሉ። ካንዲ ሲተወው ሚናው ለሞራኒስ ተሰጠ። እሱም ሰውዬውን የሒሳብ ባለሙያ አደረገው። ቤቱ ድግስ ደግሶ በእንግዶቹ መካከል እየዞረ የሚያወራበትን ትዕይንት አስታውሱ። ሳልሞኑ ስንት እንደተገዛ፣ ከጓደኞቹ ይልቅ ደንበኞቹን የጠራው ወጪውን ከግብር ለማስቀነስ እንደሆነ፣ የማን ንግድ እንደከሰረ ያወራል። ያ ሁሉ ወሬ የሞራኒስ የራሱ ፈጠራ ነው፤ ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተለዋል። ይህን ዕድል ብሎ መጥራት የሰውየውን ሙያ መንጠቅ ነው።

ከዚያ መልስ 7 መጣ። ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው። ጸሐፊው ቁጣውን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ እነዚህ ሰዎች ከየት እንደሚተዋወቁ አስቀመጠ። አይክሮይድ፣ ቤሉሺና መሬይ ሳተርደይ ናይት ላይቭ በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ አብረው ሠርተዋል። ራሚስ፣ ካንዲና ሞራኒስ ኤስሲቲቪ የሚባለው የካናዳ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ልጆች ናቸው። ራይትማን ቶሮንቶ ያደገ ሰው ነው፤ ከራሚስና ከመሬይ ጋር በ1979 እና በ1981 ሁለት ኮሜዲዎች ሠርቷል። ስለዚህ የፊልም ስቱዲዮው የኮሎምቢያ ፒክቸርስ ኃላፊ ፍራንክ ፕራይስ በ1983 ሜይ አካባቢ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች አልነበረም የፈቀደው። ፊልሙ በ1984 ጁን ይድረስ የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ሲያስቀምጥም እነሱ እሺ ያሉት ስለሚተዋወቁ ነው። አንዱ ሲጀምር ሌላው መጨረሻውን ያውቃል። ችግር ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ አያስፈልግም።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቤሉሺ ሲሞት፣ ካንዲ ሲወጣ፣ ጊዜ ሲያጥር ፊልሙ ያልፈረሰው፣ ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች ተሸክመውት ስለነበረ ነው።

መልስ 8 ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደን። የዛሬ ፊልሞች በኮምፒውተር ተበላሹ፤ ያኔ ሁሉም ነገር በእጅ ስለሚሠራ ተዋናዮቹ ከፊታቸው ያለውን ነገር እያዩ ይተውኑ ነበር አለ። መልስ 9 ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን አረመ። ከመሣሪያዎቻቸው የሚወጣው የብርሃን ጨረር ከቀረጻ በኋላ በሥዕል የተጨመረ ነው፤ ተዋናዮቹ ባዶ አየር ላይ ነበር የሚተኩሱት። ሥራውን የመራው ቀድሞ ስታር ዎርስ ላይ የሠራው ሪቻርድ ኤድለንድ ነው። ያኔ ነባሮቹ የኢፌክት ድርጅቶች ሥራ ሞልቶባቸው ነበር። ኤድለንድ ከጆርጅ ሉካስ ድርጅት ወጥቶ የራሱን ሲያቋቁም፣ ኮሎምቢያና ሌላው ስቱዲዮ ኤምጂኤም ገንዘቡን ተጋርተው ሰጡት። ምስል በምስል ላይ ሲደረብ ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ የኢፌክቱን ክፍል ሰፋ ባለ 65 ሚሊሜትር ፊልም ነበር የሚቀርጹት።

መልስ 10 ረጅም ነው፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ይነበባል። የቲያትር መድረክ ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ነው የጻፈው። የፊልሙን መክፈቻ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ትዕይንት ብቻ ይዞ ተነሳ። የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሹን የፈቀደው ለጠዋት ብቻ ነበር፤ አንባቢ ከመግባቱ በፊት መልቀቅ ነበረባቸው። ሴትዮዋ በመደርደሪያዎቹ መካከል የምትሄድበት ምድር ቤት ግን የሎስ አንጀለስ ቤተ መጻሕፍት ነው። መጻሕፍቱ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው የሚበሩት በክር ተንጠልጥለው ነው። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ካርዶች ያሉባቸውን መሳቢያ ሳጥኖች ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ የተደበቁ ሰዎች እየገፉ ያወጧቸዋል። በየሳጥኑ የመዳብ ቱቦ ገብቶ ነበር፤ በቱቦው አየር ሲነፋ ካርዶቹ ወደ ላይ ይበተናሉ። የቱቦውን ዘዴ ሲያስረዳ የእጅ ሙያ ፍቅሩ ከጽሑፉ ይታያል። አንድ ሰው ከግድግዳ ጀርባ ቆሞ፣ ምን እንደሚታይ ሳያይ፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት ሳጥን መግፋት አለበት። ይህን ካነበብኩ በኋላ ትዕይንቱን መልሼ አየሁት። ሳጥኖቹ እኩል አይወጡም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። የሚያስፈራውም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚያው መልስ ላይ የማርሽሜሎው ሰውዬም ተነስቷል። ከስፖንጅ የተሠራ ልብስ ነው፤ ውስጡ የነበረው ሰው ቢል ብራያን ይባላል፤ መንገዱና ሕንፃዎቹ ደግሞ ትንንሽ ሞዴሎች ናቸው። በእሳት የሚቃጠልበት ስላለ ልብሱን ደጋግመው መሥራት ነበረባቸው። መጨረሻ ላይ ከሰማይ የሚዘንበው ነጭ ነገር የጺም መላጫ አረፋ ነው። መጀመሪያ በተዋናይ ፈንታ አደገኛውን ነገር በሚሠራ ሰው ላይ ሲሞክሩት ክብደቱ ሰውየውን ስለጣለው፣ በተዋናዩ በዊልያም አተርተን ላይ የሚወርደውን ቀነሱት። የአረንጓዴውን መንፈስ ቅርጽ በእጁ የሠራው ስቲቭ ጆንሰን ነው። አይክሮይድ ያ ሆዳም መንፈስ የቤሉሺ መንፈስ ነው ይል ነበር። ክሩን የከፈተው ሰው ቤሉሺ ቀረ ሲል፣ መልስ 10 በዚህ መንገድ ፊልሙ ውስጥ እንዳለ አሳየው።

ወሬው እዚህ ላይ ነው ከመስመር የወጣው። መልስ 11 ላይ አንድ ትልቅ ሰው በጨዋነት ገብተው፣ በርኩስ መንፈስ መሳቅ እንደማይገባ፣ እሳቸው ልጆቻቸውን እንዲህ ያለ ፊልም እንደማያሳዩ ጻፉ። መልስ 12 ክፉኛ መለሰላቸው፤ ስብከቱን ሌላ ቦታ ይዘው እንዲሄዱ ነገራቸው። ይህ ነውር ነው። ሰውየው ማንንም አልሰደቡም። እምነታቸውን ነው የተናገሩት፤ ብዙዎቻችን ያደግነውም ማታ ማታ እያማተቡ በሚያስተኙን እናቶች እጅ ነው።

ደግነቱ መልስ 13 ነገሩን አበረደው። አባባ ብሎ ጠርቷቸው፣ ፊልሙን የጻፈው ሰው ራሱ በመንፈስ ነገር የሚቀልድ ሰው አለመሆኑን አስረዳቸው። የአይክሮይድ ቅድመ አያት ካናዳ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። በቤታቸው ሙታንን የሚያነጋግሩ ሰዎችን ሰብስበው ይቀመጡ ነበር። ቤተሰቡ ውስጥ ወሬው ከትውልድ ትውልድ ወርዷል፤ የአይክሮይድ አባትም በ2009 ስለ መናፍስት ታሪክ መጽሐፍ አሳትመዋል። ፊልሙ ውስጥ ያለው የመንፈስ ቋንቋ ያን ያህል እርግጠኛ ሆኖ የሚነገረው ለዚህ ነው። መልስ 14 ደግሞ የፊልሙ ክፉ መናፍስት ጎዘርና ዙል የጥንት ሱመር አማልክት እንደሆኑ ጽፎ ነበር፤ ወዲያው ተስተካከለ። ስሞቹ ለፊልሙ የተፈጠሩ ናቸው።

መልስ 15ን ያነበበ ሁሉ ቆም ሳይል አልቀረም። የጻፈችው ልጅ ስለ ዕድልና ስለ ሙያ የተባለውን ሁሉ ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበች። አራተኛው ሰው የት አለ? አራተኛውን መንፈስ ያዥ ዊንስተንን የተጫወተው ኧርኒ ሃድሰን በ2014 ራሱ እንደጻፈው፣ ሥራውን ሲቀበል የነበረው ስክሪፕት ላይ ዊንስተን ገጽ 8 ላይ ይገባል፤ እስከ መጨረሻውም አለ። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ማታ አዲስ ስክሪፕት ተሰጠው። ዊንስተን ወደ ገጽ 68 ተገፍቶ ነበር። ፖስተሩ ላይም ሦስቱ ብቻ ናቸው። ስለ ጓደኛሞቹ መተዋወቅ ይህን ያህል ከተወራ፣ ያልተዋወቀው ሰው ምን ደረሰበት ብላ ጠየቀች።

መልስ 16 ነገሩን አቃለለ። ሁሉም ፊልም ላይ ይቆረጣል፤ ስቱዲዮው ስም ያለውን ሰው ማስቀደሙ ንግድ ነው አለ። መልስ 17 ግን አልለቀቀውም። አንድ ጥቁር ተዋናይ ሥራ ከተቀበለ በኋላ በአንድ ሌሊት ግማሽ ፊልም ሲወሰድበት ንግድ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል የሚሆነው ለማን እንደሆነ ጠየቀው። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ክፉ ቃል ተለዋወጡ። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ሃድሰን ፊልሙንም ገጸ ባሕርይውንም እንደሚወድ ተናግሯል፤ ግን ሕመሙንም አልደበቀም። ያም ሆኖ በቀረችው ትንሽ ቦታ ያደረገውን እዩ። ዊንስተንና ሬይ (አይክሮይድ) ማታ በመኪና ሲሄዱ ስለ ፍርድ ቀን የሚያወሩበት ትዕይንት፣ ፊልሙ ውስጥ ከልብ ፍርሃት ያለበት እሱ ብቻ ነው። የተሸከመውም ሃድሰን ነው። በ2021 እና በ2024 በወጡት ተከታዮች ዊንስተን ሀብታምና የሁሉ ባለቤት ሆኖ መመለሱ ዕዳውን ባይከፍልም ደስ ብሎኛል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ተረጋጋ። ኒው ዮርክ የሚኖር አንድ ወንድማችን፣ በመልስ 18፣ በፊልሙ የመንፈስ ያዦቹ ቤት ሆኖ በሚታየው፣ ኖርዝ ሙር መንገድ ላይ ባለው የእሳት አደጋ ጣቢያ በኩል ብዙ ጊዜ እንደሚያልፍ ጻፈ። ዛሬም የሚሠራ ጣቢያ ነው፤ ከፊቱ ፎቶ የሚነሳ ሰው አይጠፋም። ውስጡን ለማየት ለሚጓጉ ግን እዛ እንዳይፈልጉ አሳሰበ፤ የውስጡ ክፍል የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ሌላ የተዘጋ ጣቢያ ነው። እግረ መንገዱን አይክሮይድ ያወራውን አንድ ነገር ጨመረ። በሴንትራል ፓርክ ዌስት መንገድ ዘግተው ሲቀርጹ ትራፊኩ ተጨናንቆ ነበር። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው አይዛክ አሲሞቭ እዚያው አካባቢ ይኖር ስለነበር ተቆጥቶ መጣ። አይክሮይድ ደግሞ የሰውየው አድናቂ ነበር።

ስለ ስሙ የተነሳውም እዚሁ አካባቢ ተመለሰ። ፊልሜሽን የተባለ ድርጅት በ1975 ተመሳሳይ ስም ያለው የልጆች የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነበረው። ስለዚህ ቀረጻው ሲጀመር ስሙ ገና በእጃቸው አልነበረም። ሌላ ስም አዘጋጅተው ለጥንቃቄ ትዕይንቶችን በሁለቱም ቀርጸዋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ አጃቢዎች መንገድ ላይ ጎስትበስተርስ እያሉ ሲጮኹ ግን ከአዘጋጆቹ አንዱ ጆ ሜጀክ ለስቱዲዮው ደውሎ፣ ይህን ስም የግድ ማግኘት አለብን አለ። በኋላ የወጣው ካርቱን እውነተኞቹ የሚል ቃል የተጨመረበትም በዚሁ የስም ጣጣ ነው።

መልስ 19 እና 20 ስለ ዘፈኑ ተጣሉ። የሬይ ፓርከር ጁኒየር የፊልሙ ዘፈን በ1984 ኦገስት ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ 1ኛ ሆኗል። ዘፋኙ ሂዩይ ሉዊስ ከኔ ዘፈን ተወስዷል ብሎ ከሰሰ፤ በ1985 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። አንዱ ሌባ አለ፣ ሌላው ቅናት ነው አለ፤ ሁለቱም ያመጡት አዲስ ነገር የለም። እኔ ያዘንኩት የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰውን ኤልመር በርንስታይንን ማንም ባለማንሳቱ ነው። ያን እንደ ሰው ድምፅ የሚንሰፈሰፍ የመሣሪያ ድምፅ ያስገባው እሱ ነው። ኦንድ ማርተኖ ይባላል፤ ፈረንሳይ የተፈለሰፈ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው።

በመልስ 21 ክሩን የከፈተው ሰው ተመለሰ። አቋሙን አልለወጠም። ይልቁንም ጠንካራ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሙያና መተዋወቅ ከሆነ፣ በ1989 እነዚያው ሰዎች፣ ያው ዳይሬክተር፣ እነዚያው ጸሐፊዎች ተሰብስበው ሁለተኛውን ሲሠሩ ለምን የመጀመሪያውን አላከለም? አሜሪካ ውስጥ ያስገባው ገንዘብም የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ነው።

መልስ 22ን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙያው አልጠፋም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው አልኩት። ከ1986 ጀምሮ ካርቱኑ በየሳምንቱ ይታይ ስለነበር ጎስትበስተርስ የልጆች ሆኖ ነበር። በመጀመሪያው ፊልም መሬይ የተጫወተው ቬንክማን ተማሪዎቹን ያታልላል፣ ሬይ የወላጆቹን ቤት ያስይዛል፣ ሰዎቹ ያጨሳሉ፣ ስለ ወለድና ስለ ክስ ይጨቃጨቃሉ። በሁለተኛው ለልጅ የሚሆኑ ደግ ሰዎች ናቸው። ያ አረንጓዴ መንፈስ እንኳ በካርቱኑ ስለተወደደ ተመለሰ፤ ከተመለሰ በኋላ ግን የሚሠራው ስላልነበረው አብዛኛው ትዕይንቱ ተቆረጠ። ጠያቂው እስካሁን አልመለሰልኝም። መልስ ያለው ሰው ክሩ ላይ ይግባ።